ለጡረተኛ የባቡር ሰው የካውቦይ ፊልም አገር፦ ከጓዲክስ እስከ አልሜሪያ

ጥያቄው የመጣው ከፍራንክፈርት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«አባቴ 72 ዓመታቸው ነው። የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ ያሳለፉት ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ውስጥ ነው። የካውቦይ ፊልም ሲያዩ ዛሬም ልጅ ይሆናሉ። መስከረም መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ይመጣሉ። ስፔን ውስጥ እነዚያ ፊልሞች የተቀረጹበት ቦታ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። 5 ቀን አለን። መኪና እነዳለሁ። የአባቴ ጉልበት ግን ብዙ አያስኬዳቸውም። ለጎብኚ የተዘጋጁትን የካውቦይ ከተሞች ብናይ ይበቃል? ባቡሩስ አለ? በዘ ጉድ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ መጨረሻ ላይ ያለውን ያንን ትልቅ መቃብርስ በዚያው ማየት እንችላለን?»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድምልሽ። ባቡሩ አለ። ዛሬም ሰው ጭኖ ይመላለሳል። ጉዟችሁን በሐዲዱ ዙሪያ አቅጂው። ለካውቦይ ከተሞቹ ግማሽ ቀን ይበቃቸዋል። መቃብሩ ግን በዚያው የሚደረስ አይደለም፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እኔ በደቡብ ስፔን፣ አንዳሉሲያ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ፊልም የተቀረጸባቸውን ቦታዎች ማሳየት ዋና ሥራዬ ነው። ብዙ ሰው መጥቶ የሚያየው ታቤርናስ ያሉትን የእንጨት ከተሞች ብቻ ነው። ፎቶ ተነሥቶ፣ የተኩስ ትርኢት አይቶ ይመለሳል። ደስ ብሎት ይሄዳል፤ አልነቅፈውም። ዕድሜውን ከሐዲድ ጋር ለኖረ ሰው ግን የዚህ አገር ትልቁ ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው።

በመጀመሪያ አገሩ እንዴት የፊልም አገር እንደ ሆነ ማወቅ ይጠቅማል። አልሜሪያ የስፔን ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቂ የታቤርናስ በረሃ ይጀምራል። ዝናብ እምብዛም አያገኘውም። መሬቱ በጎርፍ ተቦርቡሮ የተሰነጣጠቀ፣ የገረጣ ኮረብታ ነው። ፀሐይ በዓመት 3,000 ሰዓት ገደማ ትወጣለች። በ1960ዎቹ ለፊልም ሠሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነበር። ደመና ጠብቆ ቀን የሚያባክን የለም። የሠራተኛ ዋጋ ርካሽ ነበር። ፈረስና ጎበዝ ፈረሰኛ በቅርብ ይገኛል። የሎረንስ ኦፍ አረቢያ ሰዎች በ1962 ለወጣው ፊልማቸው እዚህ መጥተው በአልሜሪያ አሸዋ ላይ ባቡር ገልብጠዋል። ጣሊያናዊው የፊልም ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ ተከትሎ መጣ። የቀረውን አባትሽ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ግን በረሃውና ፀሐዩ ብቻቸውን አይበቁም ነበር። የካውቦይ ፊልም ባቡር ይፈልጋል። ባቡሩ ደግሞ እዚያው ነበር።

ከሊናሬስ ወደ አልሜሪያ የሚወርደው ሐዲድ የተዘረጋው ለፊልም አይደለም፤ ከምንም በላይ ለብረት ማዕድን ነው። ከጓዲክስ እስከ አልሜሪያ ያለው ክፍል በ1895 ተከፈተ። መስመሩ በሙሉ በ1899 ተጠናቀቀ። በሴራ ኔቫዳ ተራራ ግርጌ አልኪፌ የሚባል የብረት ማዕድን ማውጫ አለ። ከዚያ የሚወጣው ማዕድን በፉርጎ ተጭኖ ወደ ወደብ ይወርድ ነበር። ከወደብ በመርከብ ወደ ውጭ ይሄድ ነበር። ሊዮኔና ሌሎቹ ሲመጡ ጭው ባለ ሜዳ ላይ የተዘረጋ፣ እንደ ልብ የሚቀረጽበት ሐዲድ ቆይቷቸዋል። አካባቢው ድሃ ስለ ነበር አዲስ ሕንፃ አልበዛበትም። ካሜራው ወደየትም ቢዞር የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ይመስላል።

አባትሽን እዚህ ጋ የሚያስደስታቸውን አንድ ነገር ልንገርሽ። የስፔን ነባሩ ሐዲድ ስፋት 1,668 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው 1,435 ነው። የድሬዳዋው አሮጌው ሐዲድ ደግሞ 1,000 ሚሊ ሜትር፣ ልክ አንድ ሜትር ነበር። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ «አሜሪካ» እየተባለ የምናየው ሐዲድ ከእውነተኛው የአሜሪካ ሐዲድ በ23 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ተራ ተመልካች አያስተውለውም። የሸመንደፈር ሰው ግን ልብ ብሎ ካየ ወዲያው ያውቀዋል። ከመምጣታቸው በፊት አንዱን ፊልም አብራችሁ እዩና ጠይቂያቸው።

ሌላም አለ። የጅቡቲው ባቡር ከባሕር ወለል ተነሥቶ ድሬዳዋ እስኪደርስ 1,200 ሜትር ያህል ይወጣል። ለዚህ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለው። የአልሜሪያው ባቡርም እንዲሁ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ያለው መንገድ ግን 100 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። ዳገቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ ገምቺ። በተለይ ከሳንታ ፌ ደ ሞንዱሃር እስከ ሄርጋል ያለው ክፍል ክፉኛ ይከብዳል። ለዚህም ሲባል ያ ቁራጭ በ1911 በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ተደረገ። በስፔን ሰፊ ሐዲድ ላይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ ሽቦው የለም፤ ባቡሩ በናፍጣ ነው የሚሄደው። ዳገቱ ግን ያው ነው። የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ በጆሮ ይታወቃል።

አሁን ወደ ቦታዎቹ ልግባ። ዋናው ላ ካላኦራ ነው።

ላ ካላኦራ ከጓዲክስ ብዙ የማትርቅ ትንሽ መንደር ናት። በላይዋ ኮረብታ ላይ በ1509 እና በ1512 መካከል የተሠራ፣ አራት ክብ ግንብ ያለው ቤተ መንግሥት ተቀምጧል። ከኋላው ሴራ ኔቫዳ አለ። ከፊቱ ሰፊ ሜዳ። ከመንደሩ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ስትነጂ በሜዳው ላይ የባቡር ጣቢያ ታገኛለሽ። ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት የተባለው የሊዮኔ የ1968 ፊልም የፍላግስቶን ከተማውን የተከለው እዚህ ነው።

ትዕይንቱን አስታውሺ። ክላውዲያ ካርዲናሌ ከባቡር ትወርዳለች። የሚቀበላት ሰው የለም። ትጠብቃለች። ሰዓቷን ታያለች። ከዚያ ወደ ጣቢያው ሕንፃ ትገባለች። ካሜራው ቀስ እያለ በጣሪያው ላይ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ ይገለጣል፤ ጋሪው፣ አቧራው፣ ግንበኛው፣ ሰው ሁሉ። የኤኒዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃ አብሮ ከፍ ይላል። ያ ሁሉ እዚህ ሜዳ ላይ ነበር። ከዚያ ጋሪ ላይ ትወጣለች። ጋሪው ጥቂት ሄዶ አሜሪካ፣ ሞኑመንት ቫሊ ውስጥ ብቅ ይላል። አንድ መንገድ ይመስላል እንጂ በመካከሉ ውቅያኖስ አለ። መነሻው ግን ይህ ሜዳ ነው።

ፊልሙ ሲከፈት ሦስት ሽጉጠኞች ባቡር የሚጠብቁበት የእንጨት ጣቢያም በዚሁ አካባቢ ነበር የተሠራው። ከ10 ደቂቃ ያላነሰ ጊዜ ሰው የሚናገረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የነፋስ መዘውሩ ሲጮኽ፣ ውኃ ጠብ ጠብ ሲል፣ ዝንብ ስትበር ብቻ ነው የሚሰማው። ሜዳው ላይ ስትቆሙ ነፋሱ ዛሬም እንደዚያው ነው። እንግዶቼን እዚያ ሳደርስ ሁልጊዜ ሞተር አጠፋለሁ። ለ5 ደቂቃ ዝም እንላለን። አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

ዛሬ ምን ይታያል? ብዙ አይደለም። የፍላግስቶን የጡብ ግንብ ፍርስራሽ በከፊል ቆሟል። የቀረው ተነሥቷል። ይህን አስቀድመሽ ለአባትሽ ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው፤ ሙሉ ከተማ ጠብቀው መጥተው ቅር እንዳይላቸው። በሜዳው ላይ ከ2008 ወዲህ የተተከለ ትልቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ አለ። ረድፍ ረድፍ የቆመ መስታወት ከሩቅ ያብረቀርቃል። በፊልሙ ውስጥ ባዶ የነበረው አድማስ አሁን አንድ ጎኑ ተሸፍኗል።

ስለዚህ ቦታውን የምታውቂው በመሬቱ ሳይሆን በተራራው ጫፍ ነው። ይህ የሥራዬ ዋና ዘዴ ስለሆነ ላስረዳሽ። ቤት ይፈርሳል። ዛፍ ይቆረጣል። መንገድ ይቀየራል። የተራራ አናት ግን በ60 ዓመት አይለወጥም። ከመነሣትሽ በፊት ከፊልሙ ላይ አምስት ስድስት ምስል በስልክሽ ያዢ። ተራራ የሚታይባቸውን ምረጪ። ቦታው ስትደርሺ ስልኩን ከፍ አድርገሽ የተራራውን መስመር ከመስመሩ ጋር አገናኚ። ካልገጠመ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ጥቂት ሂጂ። በስተመጨረሻ ይገጥማል። ያን ጊዜ የቆምሽው ካሜራው በቆመበት ነው። ይህን ሥራ ለአባትሽ ስጪያቸው። መልክዓ ምድርን እያዩ ስንት ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ከአንቺ ቀድመው ያገኙታል።

የዚህ ፊልም ታሪክ ራሱ የባቡር ታሪክ መሆኑንም አትርሺ። ሰውዬው ማንም የማይፈልገውን ደረቅ መሬት የገዛው ውኃ ስላለበት ነው። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውኃ አይሄድም። ሐዲዱ ወደ ምዕራብ ሲገፋ የግድ በእሱ መሬት በኩል ማለፍ አለበት። ያ ሁሉ ደም የሚፈሰው ለአንድ የውኃ ጣቢያ ነው። ይህን ነገር ለአንድ ሌላ ጡረተኛ የባቡር ሰው ስነግራቸው ሰዓት ሙሉ ስለ ውኃ ማጠራቀሚያ ጋን አጫወቱኝ። ከእሳቸው የተማርኩትን ዛሬም ለእንግዶቼ እናገራለሁ።

ዘ ጉድ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ ላይም ይኸው መስመር አለ። ኢላይ ዋላክ ከወታደሩ ጋር የታሰረበትን ሰንሰለት ሐዲድ ላይ አጋድሞ ባቡሩ እንዲበጥሰው የሚያደርግበት ቦታ ትዝ ይልሻል? ዋላክ በኋላ እንደ ተናገረው ባቡሩ ሲያልፍ ከፉርጎዎቹ ጎን የወጣው የብረት መወጣጫ ራሱን ሊመታው ለጥቂት ነው የተረፈው። ቀና ቢል ኖሮ አልቆለት ነበር። አባትሽ ያንን ትዕይንት ሲያዩ እኛ የማናየውን አደጋ እንደሚያዩ እርግጠኛ ነኝ።

ከዚሁ ጋር አንድ ጥብቅ ነገር ልበል። ያ ሐዲድ ሕይወት አለው። ባቡር በፍጥነት ያልፍበታል። ለፎቶ ብላችሁ ሐዲዱ ላይ እንዳትቆሙ። የፍርስራሹ ዙሪያም የሰው መሬት ነው። ከመንገዱ ዳር ሆኖ በደንብ ይታያል፤ አጥር ካለ አትሻገሩ።

ማረፊያችሁን ጓዲክስ አድርጉት። ከተማዋ በዋሻ ቤቶቿ ትታወቃለች። ወደ 2,000 የሚጠጉ ዋሻዎች ሰው ይኖርባቸዋል። ከነሱ ጥቂቶቹ ለእንግዳ ይከራያሉ። ውስጣቸው በበጋም በክረምትም 18 ወይም 20 ዲግሪ ገደማ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 900 ሜትር በላይ ናት። ለአባትሽ ሹራብ ያዢ። ስትከራዪ ደረጃ የሌለውን ዋሻ ጠይቂ። አንዳንዶቹ ገደል ላይ ስለሆኑ አቀበት አላቸው።

የጓዲክስ ጣቢያም ራሱ የፊልም ጣቢያ ነው። ኢንዲያና ጆንስ ሦስተኛው ክፍል ላይ የእስክንድሩን ከተማ ጣቢያ ሆኖ የሚታየው ይህ ነው። ሌላ አሳዛኝ ታሪክም አለው። ከጓዲክስ በባሳ በኩል ወደ ሎርካ የሚሄድ መስመር ነበረ። በ1985 መግቢያ ላይ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ወደ ምሥራቅ ጠረፍ በባቡር መሻገር ቀረ። አሮጌው የድሬዳዋ መስመር ሲቀዘቅዝ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ይላል።

በ3ኛው ቀን መኪናውን ጓዲክስ ተዉትና በባቡር ወደ አልሜሪያ ውረዱ። መንገዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አይበልጥም። ባቡሩ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚመላለሰው፤ ስለዚህ የጠዋቱንም የማታውንም መመለሻ አስቀድመሽ በስፔን ባቡር ኩባንያ በሬንፌ ድረ ገጽ ቁረጪ። የመስመር ሥራ ካለ የመንገዱ ክፍል በአውቶቡስ ሊተካ ይችላል። ትኬት ስትቆርጪ ይህን አጣሪ። አባትሽን ባቡር አሳፍርሻለሁ ብለሽ አውቶቡስ ላይ እንዳታወጪያቸው።

አልሜሪያ ስትደርሱ አሮጌውን የባቡር ጣቢያ ሕንፃ እዩ። በ1890ዎቹ የተሠራ፣ ብረትና መስታወት የተዋሃደበት ውብ ሕንፃ ነው። በ1971 በወጣው የሊዮኔ ፊልም ላይ የአንዲት የሜክሲኮ ከተማ ጣቢያ ሆኗል። እኛ «ለገሀር» የምንለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ይህንንም ጣቢያ የነደፈው ፈረንሳዊ ነው። ከፊቱ ቆመው አባትሽ የሚሰማቸውን ጠይቂያቸው።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረድ በሉ። ኬብሌ ኢንግሌስ የሚባል ረጅም የብረት ድልድይ ወደ ባሕሩ ገብቶ ይታያል። በ1904 ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ መርቀው ከፍተውታል። የአልኪፌን ማዕድን ያወጣ የነበረው የእንግሊዞች ኩባንያ ነው ያሠራው። ባቡሩ በላይ በኩል ይገባ ነበር። ማዕድኑ በራሱ ክብደት ወደ ታች ተንሸራትቶ መርከቡ ውስጥ ይወድቅ ነበር። ባለፈው ቀን ላ ካላኦራ ላይ ያያችሁት ሐዲድ መጨረሻው ይህ ነው። ተራራ፣ ሐዲድ፣ ወደብ፤ ሦስቱ በአንድ ላይ ሲታዩ ነው የመስመሩ ነገር የሚገባው። ፊልም ሠሪዎቹ በዚህ የተዘጋጀ ዕቃ ላይ ነው የመጡት።

በ4ኛው ቀን መኪናውን ይዛችሁ ወደ ታቤርናስ። ከጓዲክስ አልሜሪያ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውራ ጎዳናው ጥሩ ነው። ታቤርናስ አካባቢ ሦስት የካውቦይ መንደር አለ። ኦአሲስ ሚኒ ሆሊዉድ የሚባለው ለፎር ኤ ፊው ዶላርስ ሞር ፊልም በካርሎ ሲሚ የተነደፈው ከተማ ነው። አሁን የእንስሳት ማቆያም መዋኛም አለው። ልጆች ይዞ ለሚመጣ ሰው ጥሩ ነው። ፎርት ብራቮ አቧራማና ሰፊ ነው፤ ዛሬም ይቀረጽበታል። ሦስተኛው ዌስተርን ሊዮኔ ከሁሉም ትንሹ ነው። እኔ የምመርጥላችሁ ግን እሱን ነው። ያ የውኃው መሬት ባለቤት ቤት፣ ቤተሰቡ ጠረጴዛ ዘርግቶ እንግዳ ሲጠብቅ የተገደለበት ቀይ የግንድ ቤት፣ እዚያው ቆሟል። ሄንሪ ፎንዳና ሰዎቹ ከቁጥቋጦው ውስጥ ብቅ ያሉት ከዚያ ፊት ለፊት ነው። ብዙ መራመድ አያስፈልግም። ከወቅቱ ውጭ በሥራ ቀን የሚዘጉበት ጊዜ አለና ደውለሽ አረጋግጪ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ወደ ሎስ አልባሪኮኬስ ሂዱ። ኒሃር ወረዳ ውስጥ ያለች ነጫጭ ቤት ያላት መንደር ናት። በፎር ኤ ፊው ዶላርስ ሞር ላይ «አጉዋ ካሊየንቴ» የተባለችው እሷ ናት። መንገዶቿ በክሊንት ኢስትዉድና በሰርጂዮ ሊዮኔ ስም ተጠርተዋል። የመጨረሻው ፍልሚያ የተደረገበት ክብ ቦታ አሁንም አለ። ፈረንጁ ጎብኚ ይህ ክብ ምን እንደሆነ ይጠይቀኛል። ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አውድማ ነው። የገበሬ አውድማ። ገብስና ስንዴ ይወቃበት ነበር። ሊዮኔ ያንን ክብ ወድዶ ሰዎቹን እዚያ አቆማቸው። በቀጣዩ ፊልሙ የመቃብሩን መሃል ክብ ያደረገውም ከዚህ ተነሥቶ ይመስለኛል። ከመኪና ወርዶ ጥቂት እርምጃ ነው፤ የአባትሽን ጉልበት አያስቸግርም።

በዙሪያው ነጭ ፕላስቲክ ታያላችሁ። አልሜሪያ ከ30,000 ሄክታር በላይ መሬት በፕላስቲክ ሸፍና አትክልት ታመርታለች። ፍራንክፈርት ሱፐርማርኬት ውስጥ የምትገዢው ቃሪያና ዝኩኒ ብዙው ከዚህ ነው የሚመጣው።

ከሎስ አልባሪኮኬስ ጥቂት ኪሎ ሜትር በጥርጊያ መንገድ ስትሄዱ ኮርቲሆ ዴል ፍራይሌ የሚባል የፈረሰ የእርሻ ቤት አለ። በዘ ጉድ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ ላይ ቱኮ (ኢላይ ዋላክ ማለት ነው) ቄስ ወንድሙን የሚያገኝበት ገዳም ነው። በ1928 እዚያ አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ዋዜማ ከአጎቷ ልጅ ጋር ጠፍታ ሰው ተገድሏል። ያ ወሬ ነው ለስፔናዊው ጸሐፊ ለጋርሲያ ሎርካ ታዋቂ ተውኔት መነሻ የሆነው። ግድግዳው ስለሚፈርስ ከሩቅ እዩት፤ አትጠጉ። መንገዱ ላይ መኪናው በጣም ከተንገራገጨ ተመለሱ። ብዙ የኪራይ ውሎች ከአስፋልት ውጭ ለሚደርስ ጉዳት አይከፍሉም።

አሁን የመቃብሩን ጉዳይ ላንሣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳድ ሂል መቃብር አልሜሪያ አይደለም። ያለው በሰሜን ስፔን፣ ቡርጎስ ክፍለ ሀገር፣ ሳንቶ ዶሚንጎ ደ ሲሎስ አጠገብ ነው። ከታቤርናስ በመኪና የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው። በ1966 የስፔን ወታደሮች ናቸው ወደ 5,000 የሚጠጋ መቃብር የቆፈሩት። ከቀረጻው በኋላ ሣር ወጣበት፣ ድንጋዩ ተቀበረ። በ2015 የአካባቢው ፈቃደኞች አካፋና ዶማ ይዘው መጥተው በእጃቸው አወጡት። ከብዙ አገር ሰው መጥቶ ረድቷል። እኔ ይህን ሥራ እጅግ አከብረዋለሁ። በዚያው አካባቢ አርላንሳ ወንዝ ላይ ነበር ድልድዩ የፈነዳው። ካሜራ ሳይነሣ በስሕተት አስቀድሞ ስለ ፈነዳ ወታደሮቹ እንደገና ሠርተውት ድጋሚ ፈንድቷል። አንድ ቀን ማድሪድ ብትመጡ፣ ከማድሪድ ቡርጎስ ከ2022 ጀምሮ ፈጣን ባቡር ስላለ፣ ያኔ ቀላል ይሆናል። በዚህ 5 ቀን ግን አባትሽን 8 ሰዓት መኪና ውስጥ አታስቀምጪ።

ጥያቄሽ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ልጨምር። አባትሽ ሌላ ጊዜ ሲመጡ የሚሄድ የእንፋሎት ባቡር ማየት ከፈለጉ በምዕራብ አንዳሉሲያ፣ ሪዮ ቲንቶ አለ። በ1875 የተከፈተ የማዕድን መስመር ነው፤ ከእሱ አንድ ቁራጭ ለጎብኚ ታድሷል። የሐዲዱ ስፋት 1,067 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለድሬዳዋ ሰው ዓይን ቅርብ ነው። ዘወትር በናፍጣ ይሄዳል፤ እንፋሎቱ የሚነሣው በቀዝቃዛው ወራት በተወሰኑ እሑዶች ነው። ከአልሜሪያ ሩቅ ስለሆነ በዚህ ጉዞ አታስገቢው።

ጥቂት የመንገድ ነገር። ከፍራንክፈርት ወደ ማላጋ ብትበሩ ይሻላል፤ በረራ ብዙ ነው። ከማላጋ ጓዲክስ በመኪና 2 ሰዓት ገደማ ነው። የጀርመን መንጃ ፈቃድሽ ይሠራል። በ5ኛው ቀን ከአልሜሪያ ማላጋ የባሕሩን ዳር ይዞ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀትር ላይ በረሃ ውስጥ አትሁኑ። አንድ ዓመት ሐምሌ ላይ ቡድን ይዤ በቀትር ታቤርናስ ገባሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ጥላ ሥር አድርገን ውኃ ሰጥተን ተሻላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀትር እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሰው ይዤ በረሃ አልገባም። ደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አታቁሙ። እነሱ ራምብላ ይሉታል። ተራራ ላይ ዝናብ ሲጥል እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ጎርፉ ይደርሳል። መስከረምና ጥቅምት ደግሞ የጎርፉ ወቅት ነው። ድሬዳዋ ደቻቱን የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

አባትሽ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ከሆነ አይቸገሩም። ጋስፓቾ አለ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና ዳቦ ተፈጭቶ የሚጠጣ ቀዝቃዛ ሾርባ ነው። ጠዋት የተጠበሰ ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት የትም ይገኛል። ሚጋስ የሚባለውን የተጠበሰ ምግብ ካዘዛችሁ ግን ቋሊማ ይጨምሩበታልና ያለ ሥጋ በሉ።

ስለ መቀመጫ ደግሞ። ከጓዲክስ ወደ አልሜሪያ ስትወርዱ ወደ ፊት እያያችሁ በስተቀኝ በኩል ተቀመጡ። ሴራ ኔቫዳና የላ ካላኦራው ቤተ መንግሥት በዚያ በኩል ነው የሚታዩት። ስትመለሱ በግራ። የመስኮቱን ወንበር ለአባትሽ ልቀቂላቸው።